ድፍርስ ውሃ የሚለካ ቱቦ አሠርቼ ሁለት ክረምት ተጠቀምኩበት

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ ከላይ ክፍት ከታች ዝግ የሆነ ግልጽ ቱቦ ነው። ታቹ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ነገር ተለጥፏል። ጎኑ ላይ ሴንቲ ሜትር ተጽፏል። የወንዝ ውሃ ትሞሉበታላችሁ፣ ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ታያላችሁ፣ ከዚያ ጥቁርና ነጩ እስኪለይላችሁ ድረስ ከታች ባለችው ቀጭን ጎማ ውሃውን ትለቃላችሁ። ልክ ሲታያችሁ ዝግት። ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደቆመ ታነባላችሁ። በቃ ይሄው ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ድፍርስ ነው። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው።

ያሠራሁት እዚሁ መሀል አዲስ አበባ፣ ከብሔራዊ ቴያትር ጀርባ ካሉት የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች በአንዱ ነው። በተፋሰስ ሥራ፣ ማለትም ወደ ወንዝ የሚታጠበውን አፈር በእርከንና በመሳሰለው በማስቀረት ሥራ፣ ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ "ይሠራል ወይ? የት ነው ያሠራኸው?" እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። አጭሩ መልስ፣ ይሠራል። በጣም ይሠራል። ረጅሙ መልስ ግን ጉድለቶቹንም ይጨምራል።

ከቱቦው በፊት ማሽን ነበረን። ከአንድ የላቦራቶሪ ዕቃ መሸጫ የገዛነው፣ በእጅ የሚያዝ ዲጂታል የድፍርስነት መለኪያ። ዋጋው የቱቦውን ሃያ እጥፍ ያህል ነበር። ካርቶኑ ላይ እስከ 1000 ኤንቲዩ ይለካል ይላል። ኤንቲዩ የድፍርስነት መለኪያ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ ከ5 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ በክሎሪን ለማከም ደግሞ ከ1 በታች ቢሆን ይመረጣል። እንግዲህ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በጣለ በግማሽ ሰዓቱ የደጋ ወንዝ ውሃ ስታስገቡለት ማሽኑ ቁጥር አይሰጣችሁም፣ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ይቆማል። አብሮት የመጣው፣ ማሽኑ በትክክል መለካቱ የሚፈተሽበት ማስተካከያ ፈሳሽ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ልንመልስ ስንሄድ "ከተከፈተ በኋላ አንቀበልም" አሉን። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ሳይከፈት ቀኑ አይታይም።

ግን ዋናው ችግር ማሽኑ ራሱ አይደለም። ውድ ዕቃ ስለሆነ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ በፊርማ ይወጣል፣ መኪና ሲገኝ ወደ መስክ ይሄዳል። መኪና የሚገኘውና መንገዱ የሚመቸው ደግሞ ጥርና የካቲት ነው። ወንዙ በጥር ሁሌም ንጹሕ ነው! እርከን የተሠራለትም ያልተሠራለትም ተፋሰስ በጥር ውሃው አንድ ነው፣ ከምንጭ የሚመጣ ነዋ። እኛ ግን አንድ ዓመት በጥር ለክተን "የውሃ ጥራት ተሻሽሏል" ብለን ሪፖርት ጽፈናል። ለመዋሸት አስበን አይደለም። ክረምቱን ስላላየነው ነው። ያ ሪፖርት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የምንሠራው ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ትንንሽ ወንዞች አሉ። መሬታቸው ይመሳሰላል፣ ገብስና ባቄላ፣ ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች ረግረግና ግጦሽ። አንደኛው ላይ በዘመቻ እርከን ሊሠራ፣ ድንበሩ ላይ ደሾ ሳር ሊተከል ታቅዶ ነበር። ሌላኛው ተራው ገና ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ክረምት ሁለቱንም መለካት፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ እንደገና ሁለቱንም መለካት። ያልለማው ወንዝ ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ዝናቡ በየዓመቱ ስለሚለያይ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ለስለስ ብሎ ከዘነበ ውሃው በራሱ ጊዜ ይጠራል፣ እኛ ደግሞ እርከኑ ነው ብለን እናጨበጭባለን። ጎረቤቱ ወንዝ ነው እውነቱን የሚነግራችሁ። በፊት ሁለቱ እኩል ይደፈርሱ ከነበረና አሁን አንዱ ብቻ ከጠራ ያኔ እርከኑ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሦስት አራት ቤት ጠይቄ ነው ያገኘሁት። የመጀመሪያዎቹ "ክብ ቱቦ የለንም" ብለው ነው የመለሱኝ። ይሄኛው ልጅ ግን ትንሽ አሰበና "ክብ መሆን አለበት እንዴ?" አለኝ። የለበትም! አራት ማዕዘን አድርጎ ከግልጽ አክሪሊክ ቆርጦ ማጣበቅ ይቻላል፣ ለሱቅ ታፔላ እንደሚሠሩት ሳጥን ማለት ነው። "ለዓሣ ነው?" አለኝ። ለወንዝ ነው አልኩት። "ወንዝ ውስጥ ነው የሚተከለው?" ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፣ ወረቀት ላይ ሳልኩለት። ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደራሱ ነው የያዘው። መጀመሪያ 3,500 ብር ብሎ በ2,800 ተስማማን። ሁለተኛውን በ2,300 ሠራልኝ።

የሴንቲ ሜትሩን ምልክት ስቲከር ላይ አትሞ ለጠፈልኝና በላዩ ግልጽ ላስቲክ አለበሰው። ይህ የእሱ ሐሳብ ነው፣ እኔ በማርከር ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። ሁለት ክረምት ውሃና ፀሐይ ላይ ውሎ አንድም ቁጥር አልለቀቀም። የውሃ መልቀቂያዋን ግን እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣ የግሉኮስ ቱቦ ከነመቆንጠጫው፣ ከፋርማሲ። በአውራ ጣት እየገፋችሁ ውሃውን በጠብታ ሁሉ መልቀቅ ትችላላችሁ።

ሁለት ስህተት ነበረበት። አንደኛው፣ ዜሮውን ከቱቦው ጫፍ ነው የጀመረው። ዜሮ መጀመር ያለበት ከጥቁርና ነጩ ክብ ፊት ላይ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ምንም አይመስልም። ውሃው ንጹሕ ሲሆን እውነትም ምንም አይደለም፣ 80 ሆነ 80 ከግማሽ። ጎርፍ ሲመጣ ግን የምታነቡት 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያኔ ግማሿ ሩብ ያህል ስህተት ናት። ሳልጨቃጨቅ ስቲከሩን አንስቶ በነጻ ደገመልኝ። ሁለተኛው፣ አንዱ ማዕዘን ማንጠባጠብ ጀመረ። እሱን በውጭ በኩል በሲሊኮን ዘጋው። ከወሰዳችሁ በኋላ ሳይሆን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞልታችሁ ሩብ ሰዓት አቁሙት፣ ወለሉ ቢረጥብም አይቆጡም።

መስክ ላይ ቱቦውን የሰጠነው ወንዙ ዳር ለሚኖሩ አንድ አባት ነው። እሳቸው ዓይናቸው ደከም ስላለ ንባቡን የያዘችው የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ወንዙ መቅላት ከጀመረበት ጀምሮ በየ10 ደቂቃው። ቱቦው ሁለት ስለሆነ ከማዶ ባለው ወንዝም የአጎቷ ልጅ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካል። ደብተሯን ብታዩት! ቀን፣ ሰዓት፣ ሴንቲ ሜትር፣ "ዝናብ" ወይም "የለም"። አንድ የሐምሌ ገጽ አሁን ፊቴ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት 64። ከሰዓት 9 ሰዓት ከ20 ዝናብ። 9 ሰዓት ከ40፣ 11። ከ10 ደቂቃ በኋላ 2። ከዚያ 2፣ 2፣ 3፣ 5፣ እያለ ማታ 12 ሰዓት ላይ 17። በማግስቱ ጠዋት 38። አንድ ቀን ውስጥ ወንዙ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ እዚህ ታያላችሁ። በዓመት ሦስት ጊዜ በመኪና የሚሄድ ሰው ያንን የ9 ሰዓት ከ50 ቁጥር በዕድል ካልሆነ አያገኘውም። የአፈሩ አብዛኛው የሚሄደው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለው አለካክ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ወሎ ማይባር፣ እኛው ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ ጣቢያ ነበረው። እዚያም የአካባቢው ሰው ነው ውሃው ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው የ1 ሊትር ናሙና የሚቀዳው። አንጀኒ ላይ በ1986 እ.ኤ.አ. ፋንያ ጁ የሚባለው፣ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል የሚደፋበት እርከን ተሠራ፣ ልኬታው ግን ከዚያ በፊትም ነበር፣ ከዚያ በኋላም ቀጠለ። በእነዚያ ጣቢያዎች የታየው ነገር የእኛም ደብተር ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወንዙ በጣም የሚደፈርሰው ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ሳይሆን ክረምቱ ሲገባ ነው። ሰኔና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ ባዶውን ነው ያለው፣ አፈሩ ላላ ብሏል። ነሐሴ ላይ ሰብሉ ይሸፍነዋል፣ ያኔ ወንዙ ቢሞላም እንደ ሰኔው አይቀላም።

አሁን ጉድለቱን ልንገራችሁ። ውሃው በጣም ሲደፈርስ ቱቦው አይለይም። 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ከደረሰ በኋላ ሊትሩ ውስጥ 3 ግራም አፈር ይኑር 8 ግራም፣ ዓይን አይለየውም። መፍትሔው ማቅጠን ነው። አንድ ኩባያ የወንዝ ውሃ፣ ዘጠኝ ኩባያ ንጹሕ ውሃ፣ በደንብ አማስላችሁ ቱቦው ውስጥ። ያገኛችሁትን ሴንቲ ሜትር ወደ ግራም ቀይራችሁ በ10 ታባዛላችሁ። ሴንቲ ሜትሩን ራሱን በ10 እንዳታካፍሉ፣ እንደዚያ አይሠራም። ሳታማስሉ ካፈሰሳችሁ ደግሞ አሸዋው ይዘቅጥና ውሃው ከሆነው በላይ ንጹሕ ይመስላል። ንባቡም ጥላ ውስጥ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቆ ነው።

ሴንቲ ሜትርን ወደ ግራም ለመቀየር ላቦራቶሪ ያስፈልጋችኋል፣ ይህን መዝለል አይቻልም። የእናንተ ወንዝ አፈር የእናንተ ነው፤ ጥቁር አፈርና ቀይ አፈር አንድ ዓይነት ክብደት ይዘው ውሃውን እኩል አያደፈርሱትም። እኛ 30 ናሙና ቱቦው ላይ አንብበን፣ እነዚያኑ በጠርሙስ አዲስ አበባ አምጥተን አስጠለልን፣ ማጣሪያው ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ላይ ደርቆ ተመዘነ። አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ ያለው ሴንቲ ሜትር ሁሉ ግራም ይሆንላችኋል።

ግራም ካገኛችሁ የወንዙን ፍሰት ለኩ፣ ያኔ ነው ነገሩ የሚያስደነግጠው። አንድ ቀን ከጎርፉ በኋላ ወንዙ ቀነስ ሲል አብሬያቸው ነበርኩ። 10 ሜትር ለክተን ሁለት ችካል ተከልን፣ ብርቱካን ጣልን። 12 ሰከንድ ተኩል ፈጀበት፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር ማለት ነው። ላዩ ከውስጡ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዛነው፣ 0.68። ወንዙ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲም። ሲባዛ በሰከንድ ወደ 200 ሊትር። ውሃው ሊትሩ 3 ግራም አፈር ይዟል። ስልኬ ላይ ደምሬ አባዝቼ ለአባትየው "በሰዓት ከ20 ኩንታል በላይ አፈር እየሄደ ነው" አልኳቸው። ዝም ብለው ወንዙን አዩና "ልጄ፣ እኛ እኮ ማዳበሪያ በኩንታል ስንት ብር እንደምንገዛ ታውቃለህ" አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቱቦውን ከልጃቸው በቀር ማንም ልጅ እንዲነካው አይፈቅዱም።

ውጤቱስ? የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሁለቱ ወንዞች አንድ ዓይነት ነበሩ። ጥር ላይ እርከኑ ተሠራ። ሁለተኛው ክረምት ላይ የለማው ወንዝ ከጎርፍ በኋላ ቶሎ መጥራት ጀመረ፣ ጎረቤቱ በማግስቱም ቀይ ሆኖ ሳለ እሱ ጠዋት ላይ 60 እና 70 ያነባል። ደስ አለን። የጎርፉ ሰዓት ላይ ግን ሁለቱም 2 ናቸው። ያው። አልገባንም። እርከኑ ተሠርቶ እንዴት?

የዚያን ጊዜ ነው የቱቦው ትልቁ ጥቅም የታየኝ። ልጅቷ ቱቦውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እኔ ባልዲ ይዤ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወንዙን ሽቅብ ተከተልነው፣ በየመቶ ሜትሩ እየለካን። ድልድዩ ጋ 4። ግጦሹ ጋ 4። ከግጦሹ በላይ አንድ ትልቅ ቦረቦር ወደ ወንዙ ይገባል፣ ግድግዳው በቁሙ እየተናደ ነው። ከቦረቦሩ በላይ ለካን። 21! ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ21 ወደ 4። ደግመን ለካን፣ 20። እርከን የተሠራለት ማሳ የሚልከው ውሃ ከላይ ደህና ሆኖ ነበር፣ ቦረቦሩ ነው መልሶ የሚያደፈርሰው። እርከን ስንቆጥር፣ ኪሎ ሜትር ስንደምር፣ ያንን ቦረቦር ማንም በዕቅዱ ውስጥ አላስገባውም። ዘንድሮ ክትር እየተሠራለት ነው፣ ከብትም እንዳይገባበት ተከልሏል።

ቱቦው የማይነግራችሁን ደግሞ ዕወቁ። የሚያሳየው አፈርን ነው። ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ፎስፈረስም ካለ አፈሩ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ከማዳበሪያና ከእበት የሚመጣው ናይትሬት ግን ሟሙቶ ነው የሚሄደው፣ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እንዲያውም እርከን ውሃውን ወደ መሬት ስለሚያሰርገው ናይትሬት በምንጭ በኩል ሊወጣ ይችላል። ለእሱ የወረቀት መመርመሪያ አለ፤ ስትገዙ ብልቃጡ ላይ የሚለካው ናይትሬት ነው ወይስ ናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብላችሁ አንብቡ፣ አንዱ ከሌላው አራት እጥፍ ከምናምን ይለያል። ለመጠጥ የተቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር ለናይትሬቱ ነው። የከብት እበትና የሰው ቆሻሻ የሚያመጣውን ኢ.ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ደግሞ ቱቦውም ወረቀቱም አያየውም። እሱ በንጹሕ ጠርሙስ፣ በረዶ ውስጥ ሆኖ፣ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ዓርብ አታምጡ፣ እኛ ዓርብ ከሰዓት አምጥተን በር ተዘግቶብን ናሙናው ተበላሽቷል።

ስለዚህ ቱቦው ላይ 70 ስላነበባችሁ "ጠጡት" እንዳትሉ። እባካችሁ።

ለማሠራት ካሰባችሁ ርዝመቱን አታሳጥሩ፣ ብዙ ሰው ለመያዝ ይመቻል ብሎ 60 ሳንቲም ያሠራል፣ ከዚያ መስከረም ላይ ውሃው ሲጠራ ሙሉ ቱቦ ሞልቶም ክቡ ይታያል፣ ለውጡን ማየት አትችሉም። የአክሪሊኩ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ጎኑ 5 ሳንቲም ይሁን። ዜሮው ከክቡ ፊት ይጀምር። ለመጓጓዣ የሸራ ከረጢት አሰፉለት፣ የእኛ አንዱ አውቶቡስ ላይ ሰው ተደግፎበት ተሰንጥቋል። ሁልጊዜ ሁለት አሠሩ፣ አንድ ወንዝ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ልጁ ቅርጹን ስላስቀመጠው አሁን በሦስት ቀን ያደርሳል፣ ግንቦት ላይ ግን የምረቃ ባነር ስለሚበዛበት ከሚያዝያ በፊት ሂዱ። እኔ ቅዳሜ ለሌሎች አራት ወንዞችና ለጎረቤቶቻቸው ስምንት አዝዤ መጥቻለሁ።